የስድስት ሰዓት ምሳ

አቶ ኃይለገብርኤል ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ከጀመሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። መሥሪያ ቤት ሳሉ የክበቡ የምግብ ሽታ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ጨጓራቸው ሲፈታተናቸው ኖሯል፤ አንድ ቀን እንኳ አላሸነፋቸውም። ያሸነፋቸው ሁለት ጥርስ ብቻ ያለው ዮአብ ነው።

ዮአብ የልጃቸው የልደት ልጅ ነው፤ ገና ዘጠኝ ወሩ። ሞግዚቷ ድንገት አገሯ ስትገባ፣ ልደት ደምበል አካባቢ ካለው ቢሮዋ ባምቢስ ጀርባ እስካለው ቤታቸው ለምሳ መመላለስ አልቻለችም። አያትየው «እኔ ምን ሥራ አለኝ? እይዘዋለሁ» አሉ። መያዙስ ቀላል ነበር። ችግሩ ልጁ አይበላም። ሁለት ወር ሙሉ ኪሎው ንቅንቅ አላለም። የጤና ጣቢያዋ ነርስም ጡት ብቻ ስለማይበቃው የቤት ምግብ ይልመድ ብላ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠች።

«አባዬ፣ በዚህም ካልጨመረ በቃ ሥራዬን እለቃለሁ» አለች ልደት ጠዋት ጫማዋን እያሰረች። ዓይኗ ቀልቷል። ድንች በእንቁላል አስኳል ፈጭታ አስቀምጣለት ሄደች።

በስድስት ሰዓት ማንኪያው ሲመጣ ዮአብ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን አዞረ። አያትየው ዘፈኑ፣ አጨበጨቡ፣ ማንኪያውን የመስቀል አደባባይ ባቡር አድርገው አስጮኹት። ልጁ ባቡሩን በመዳፉ መትቶ ድንቹን ሸሚዛቸው ላይ ለጠፈው።

መላው እንኳ አልጠፋቸውም። ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ሲበሉ ዮአብ እጃቸውን እስከ አፋቸው በዓይኑ ተከትሎ አፉን ከፍቶ ነበር፤ አንዲት ጉርሻ እንደዋጠ እንቅልፍ ጣለው እንጂ። ከሚበላ ሰው ጋር ይበላል ማለት ነው። ግን ሕፃን ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም።

ሊያታልሉት ሞከሩ። ባዶ እጃቸውን ወደ አፋቸው ልከው «አም! እንዴት ይጣፍጣል!» እያሉ አላመጡ። ዮአብ ተጠግቶ ትንሿን ጣቱን አፋቸው ውስጥ ከተተና ፈተሸ። ምንም የለም። አቶ ኃይለገብርኤል ሠላሳ ዓመት በቁጥጥር ክፍል ሲሠሩ እንዲህ አጥብቀው ፈትሸው አያውቁም። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ልቅሶው የረሃብ ነበርና አንጀታቸውን በላው።

ኩሽና ገብተው ለዘጠኝ ሰዓት የተቀመጠላቸውን አልጫ ሽሮ አሞቁ፤ እንጀራ አድቅቀው ፈተፈቱበት። አማተቡ። «አንተ ታውቃለህ» ብለው ወደ ላይ አዩና ጎረሱ። ዮአብ አፋቸውን ፈተሸ፤ አመነ። የራሱንም ከፈተ። አንድ ለአያት፣ አንድ ለልጅ እያሉ ሳህኑን ጠረጉት። አቶ ኃይለገብርኤል በጣም ደስ አላቸው፤ ደስ ማለታቸው ደግሞ አሳፈራቸው።

ቅዳሜና እሁድ ሳይቆጠር ዐሥር ቀን እንዲህ በሉ። ልደት ማታ ስትገባ «በሉ አባዬ?» ትላቸዋለች። «በላሁ፣ በላሁ» ይላሉ፤ ሰዓቱን አይናገሩም።

በቀጠሮው ቀን ልደት ልጇን አስመዝና ከጤና ጣቢያው በር ላይ ደወለች። «አባዬ! ሦስት መቶ ግራም ጨምሯል! ምን አርገውት ነው?» ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። አቶ ኃይለገብርኤል ስልኩን ዘግተው ዓይናቸውን ጠረጉና ለንስሐ አባታቸው ደወሉ።

«አባ፣ ዐሥር ቀን ሙሉ በስድስት ሰዓት በላሁ።»

«አሞህ ነው?»

«አይደለም። የልጅ ልጄ ካልበላህ አልበላም አለኝ።»

አቶ ኃይለገብርኤል የሚታዘዝባቸውን ስግደት ሊጽፉ እስክሪብቶ አነሡ።

«አሁንስ ይበላል?»

«ይበላል አባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ነገ ምሳችሁ በስንት ሰዓት ነው?»

«በስድስት» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ስለ ስግደቱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን» አሉ ቄሱ። «ልጁን ግን እንዳታስጠብቀው።»