በሩ ላይ የቆመው ሰው

«እኔ ቅንፉን ያልዘጋሁት ነኝ» አለ ሰውዬው፣ ገና ከደጃፉ ሳያልፍ።

አክስት ቀና ብላ አየችው። «ምን አልክ ልጄ?»

ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። እጆቹ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ የተወው ጠባሳ ነበር። «ማለቴ… የሟች ተማሪ ነኝ። በስልክ። ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። ስሜን ብትነግሩት እንኳ አያውቀኝም። ‘ያ ቅንፉን ያልዘጋው በያጅ መጣ’ ብትሉት ግን…» ቆም አለ። «ግን ያውቀኝ ነበር።»

«ግባ፣ ግባ፤ ብድር በምድር ያድርግልህ» አለች አክስት፣ ምንም ሳይገባት። ከዚያ ወደ ሟች እህት ጆሮ ጎንበስ አለች። «ጠዋት ደግሞ ‘የማይቆመው ነኝ’ ያለ መጥቶ ነበር። ቁጭ ብሎ አለቀሰና ተነሥቶ ሄደ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው እነዚህ?»

«ጀማሪዎች ናቸው፣ እትዬ።»

«የምን ጀማሪ? ያ ሰውዬ እኮ ስድሳ ዓመት አልፎታል!»

እህትየው ለማስረዳት አቅም አልነበራትም። ከሞተ ስንተኛው ቀን እንደሆነ እንኳ ቁርጡን አታውቅም። ወንድሟ ያረፈው ረቡዕ ንጋት ላይ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። ረቡዕን የሚቆጥሩት ሦስተኛ ቀን ይላሉ፣ የማይቆጥሩት ሁለተኛ። እሷ ጠዋት ሻይ ስታፈላ ውሃውን ጥዳ ምድጃውን ሳትለኩስ ለግማሽ ሰዓት ከፊቱ ቆማ ነበር።

ወንድሟ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። የመጻሕፍቱን ዝርዝር በእጅ መጻፍ ሰልችቶት ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ብቻውን ተማረ። ከዚያ እንደ እሱ ብቻቸውን ለሚማሩ ሰዎች የስልክ ግሩፕ ከፈተ። በያጅ፣ አዋላጅ፣ ጡረተኛ፣ ሁሉም ‘ጋሼ’ ይሉታል። አንዱ ቅንፍ ከፍቶ መዝጋት ይረሳል፤ ሌላው ‘ድገም’ ብሎ ያዘዘውን ማሽን ማስቆም ያቅተዋል። ጋሼ ግን ለማንም መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ጥያቄን በጥያቄ ነበር የሚመልሰው።

ከተማሪዎቹ አንዷ እህትየው ነበረች። የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ታካሚዎች ቀጠሮ እየረሱ ሲያስቸግሯት፣ ቀጠሯቸው ነገ ለሆነ ሁሉ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የስልክ መልእክት የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። ፕሮግራሙ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እያየ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ላይ አልሠራ ብሏት ሲመሽባት፣ ሻይ ልታመጣ ስትነሣ ወንድሟ መስመሮቹን በአንድ ደቂቃ አስተካክሎ ጠበቃት። ደስ ይላታል ብሎ ነበር። እሷ ግን አለቀሰች።

«ነጠቅከኝ!» አለችው። «ሁልጊዜ አንተ የምትጨርሰው ከሆነ እኔ መቼ ላውቅ ነው?»

ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። «በቃ፣ ችኮላ! ከእንግዲህ ጣቴን አላስገባም። ሙቼ ነው።»

ችኮላ እሱ ያወጣላት ስም ነው። እሱ ያስተካከለውን ሰርዛ ፕሮግራሙን ራሷ እንደ አዲስ ጻፈችው።

አሁን ስልኩ መደርደሪያው ላይ ቻርጅ እየተደረገ ነው። እናታቸው ናት ‘የሚደውልለት ሰው እንዳይቸገር’ ብላ የሰካችው። እህትየው ትናንት ለደወለ ሰው መርዶ ልትነግር አንሥታው፣ ሳታስበው መልእክቶቹን ከፈተች። ከክሊኒኩ የመጣ አንድም መልእክት የለም። የዚህ ሳምንቱ ብቻ አይደለም፤ የሦስት ወሩ በሙሉ የለም።

ሰኞ የልብ ክትትል ቀጠሮ ነበረው፤ እሷ ያን ቀን ፈቃድ ላይ ስለነበረች ይምጣ ይቅር አላየችም። ረቡዕ ሞተ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው በጭንቅላቷ የሚዞረው። ቁጥሩን ተሳስቼ ይሆን? አልተሳሳተችም። ቀኑን? ትክክል ነው። ለሌላው ሁሉ ይደርሳል። ለእሱ ብቻ ለምን? የሥራ ባልደረባዋ ትናንት ለቅሶ ስትደርስ፣ «ስሙን ከዝርዝሩ አንሥቼዋለሁ፤ መልእክት ሄዶ እናትሽን እንዳያስደነግጥ» ብላ አቅፋት ነበር። እህትየው ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እናቷ ደግሞ በየሰዓቱ ለጠያቂ ሁሉ፣ «ሰኞ ሐኪም ያየዋል ብዬ እኮ እፎይ ብዬ ነበር» ትላለች። ያቺ ቃል በተነገረች ቁጥር እህትየው ወደ ጓዳ ትገባለች።

ለበያጁ ሻይ ስትሰጠው አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዝርዝር አለ። ማሽኑ ለሁሉም መልእክት ይልካል፣ ለአንድ ሰው ብቻ አይልክም። ምን ይሆናል?»

በያጁ ስኒውን አስቀመጠ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ለአፍታ የረሳ መሰለ። «ሰውዬው ስንተኛ ነው?»

«የመጀመሪያው።»

«አሃ!» አለና ደንግጦ ዙሪያውን አየ። «ይቺ የእኔ ሁለተኛ ጥያቄ ነበረች። የሠራተኛ ስም ዝርዝር ላይ። ለጋሼ ብልክለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘በሩ ላይ የቆመውን ሰው ሰላም ብለኸዋል?’ ሁለት ቀን ተሳድቤያለሁ። ለካ ማሽኑ ሲቆጥር ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ከአንድ ጀምር ካልሽው የፊተኛውን በሩ ላይ ትቶት ያልፋል።»

እህትየው ያቺን ጥያቄ ታውቃታለች። ከሦስት ወር በፊት እራት ላይ ወንድሟ እንዲሁ፣ ከመሬት ተነሥቶ፣ «ችኮላ፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰላም ብለሽዋል?» አላት። ተነሥታ በሩን ከፈተች። ማንም አልነበረም። «አንተ ሰው፣ ጤናም የለህ!» አለችው። እሱ ሳቀና፣ «እንግዲያው ነገም እይው» አላት። በማግስቱ ክሊኒክ መጥቶ መስኮቱ ላይ ተደገፈ። «እስኪ ስሜን ከሁሉም በላይ አድርጊልኝ። ታላቅ አይደለሁ?» ቀልዱ መስሏት ሳቀች፣ ከሁሉም በላይ ጻፈችው።

በገዛ እጇ። በሩ ላይ አቆመችው፤ አልፋው ሄደች።

ለእናቷ ምን ብላ ትነግራታለች? ‘ሐኪም ያላየው እኔ ስለተሳሳትኩ ነው’? እንዲህ ያለ ነገር ከአፍ ይወጣል?

እኩለ ቀን ሲቃረብ ጡረተኛው ሹፌር ከዘራውን ተደግፎ ገባ። የክሊኒኩ የረጅም ጊዜ ታካሚ ነው፣ በየወሩ መርፌ ይወጋል። ተቀምጦ ብዙ አለቀሰ።

«ሰኞ እኮ አብረን ነበርን» አለ መሐረቡን እያጠፈ። «ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ፣ እኔ ግፊቴን ልለካ ሄጄ። ‘ሐኪሙ ደህና ነህ አለኝ’ ብሎ እየሳቀ ነው የወጣው። ሰው እኮ ምንም አይደል!»

እህትየው የሻይ ዕቃ እንደያዘች ቀረች። «ሄዶ ነበር? ሰኞ?»

«መቼ ቀርቶ ያውቃል? ሁሌ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።»

«መልእክት… መልእክት ደርሶት ነው?»

«እሱንማ ጠያቂው እሱ ነበር። ባገኘኝ ቁጥር ‘መልእክቱ ደረሰዎት?’ ይለኛል። ያኔ እኔ ጋ አልመጣ ብሎ መርፌዬ ያለፈኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንቺ ‘ስልክዎ ይሆናል’ ስትዪኝ እሱ ሰምቶ ኖሮ፣ ተከትሎኝ ወጣና ‘አይዞዎት አባቴ፣ እሷ እስክታገኘው እኔ ከላይዎ እሆናለሁ’ አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጎረቤት አይደለን፣ ፎቅ ላይ አይኖር! ግን ከዚያ ወዲህ መልእክቱ ቀርቶብኝ አያውቅም።»

እህትየው ዕቃውን ወለሉ ላይ አኖረችው። ከወንድሟ በፊት የዝርዝሩ አናት ላይ የነበረው ይህ ሽማግሌ ነው። ወንድሟ ስህተቷን አይቶታል። ጣቴን አላስገባም ብሎ ስለማለ አልነካውም። ማንም እንዳይጎዳ ግን ሽማግሌውን ወደ ታች ገፍቶ እዚያች ቦታ ላይ ራሱ ቆመላት። ሦስት ወር ሙሉ።

ትናንት ደግሞ ባልደረባዋ ስሙን አንሥታዋለች።

«አባቴ» አለች ድንገት፣ «ዛሬስ? ዛሬ ደረሰዎት?»

«ዛሬማ አልመጣም። ቅዳሜ መስሎኝ ነበር፣ ካልመጣ በሚቀጥለው ሳምንት ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«ነገ ነው! ነገ ጠዋት ነው፣ እንዳይቀሩ!» ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

አክስት በሩ ላይ ደረሰችባት። «ወዴት ነው? ለቅሶ ተቀምጦ ሥራ? ሰው ምን ይላል?»

«ተያት» አለች እናት ከተቀመጠችበት። «ትሂድ።»

ክሊኒኩ ከሁለት መንገድ ማዶ ነው። ባልደረባዋ ስታያት ደንግጣ ወንበሩን ለቀቀችላት። እህትየው ፕሮግራሙን ከፈተች። አራተኛው መስመር ላይ አንድ ቁጥር። አንድ። ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ አይታዋለች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ለስክሪኑ። ተናደደች። ምን ነበረበት ቢነግራት? ደግሞ ወዲያው፣ ነጠቅከኝ ያለችው ራሷ እንደሆነች ትዝ አላት። መናደዷ ይሁን መናፈቋ መለየት አቃታት።

አንዱን አጥፍታ ዜሮ ጻፈች። ማስነጠስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

መሥራቱን ለማየት አናቱ ላይ አንድ ሰው ያስፈልጋል። የሹፌሩ ስም እዚያ ነበር። ከእሱ በላይ ባዶ መስመር ከፈተች። የወንድሟን ስም ጻፈች። ቁጥሩን በቃሏ ጻፈች። የነገን ቀን ጻፈች። ባልደረባዋ ከኋላዋ፣ «ኧረ ተይ…» አለች። ቁልፉን ተጫነችው።

ቤት ስትመለስ በያጁ ገና አልሄደም። ሹፌሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳያት፤ ደርሶታል። እናቷ የወንድሟን ስልክ ከመደርደሪያው አውርዳ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች፣ በሁለት እጇ፣ እንደ ወፍ ጫጩት። ማንበብ አትችልም።

«ጮኸ» አለች። «ማነው?»

እህትየው ተንበርክካ አየችው። *የተከበሩ ደንበኛችን፣ ነገ ቀጠሮ አለዎት። እባክዎ አይርሱ።*

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«አንቺ?»

«እኔ ነኝ። ሰላም ልለው ነው።»

እናቷ ስልኩን ሰጠቻት። ባትሪው ሞልቶ ነበር። እህትየው መደርደሪያው ላይ መለሰችው፣ ገመዱን ከወለሉ አንሥታ በጥንቃቄ ሰካችው።