የአሥራ አራተኛው ሰው ቃል

ተማሪዎቿ «መርማሪዋ» ይሏታል፤ እውነትም ከፖሊስ በላይ ትጠይቃለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ፖለቲካና ወንጀል የት ላይ እንደሚጋቡ ስታጠና፣ ከዱርዬውም ከሹሙም ጋር ቁጭ ብላ ስታወራ ኖራለች። ነገ ጠዋት ኮሚቴ ፊት ንግግር አድርጋ ሙሉ ፕሮፌሰር ልትባል ነው። ንግግሩ የቆመው በመጽሐፏ አንድ ምዕራፍ ላይ፣ ምዕራፉ ደግሞ በድሮ ግርግር ሱቅ ካቃጠሉት በአንዱ ሰው ቃል ላይ ነው። ሰውየው በመጽሐፉ ውስጥ ስም የለውም፤ «ቃል ሰጪ 14» ነው።

ይኸው ቃል ሰጪ 14 ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሽበቱን ይዞ ቢሮዋ ከች አለ።

«ልጄ በመጽሐፍሽ የሰፈራችንን ታሪክ አንብባ፣ አሥራ አራተኛው አንተ ነህ አለችኝ» አለ፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ። «ያዘዘህ ሹም ማን ነው ብትለኝ፣ የምጠራላት ሰው አጣሁ። እህቴ፣ ዋሽቼሻለሁ። ሱቁን ስናቃጥል ማንም አላዘዘንም።»

ክው አለች። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የሚለው «ከግርግሩ ጀርባ አዛዥ አለ» ነው።

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉኝ?»

«አንቺው ጠየቅሽኛ። ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ ባዶ እጅሽን ልመልስሽ?»

ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ቸርነት ነው! ከመሳቢያዋ የድሮውን ካሴት አውጥታ ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ የራሷ የወጣትነት ድምፅ «ማን ነው ያዘዛችሁ?» አለ። ተማሪዎቿን «ለምትጠይቁት ሰው መልሱን አታጉርሱ» እያለች ስትቆጣ የኖረች ሴት፣ ለካ መጀመሪያ ያጎረሰችው እሷው ራሷ ናት። ጆሮዋ እስኪግል አፈረች።

ዝም ማለት ትችል ነበር። ስም የሌለውን ሰው ማን አግኝቶ ይጠይቀዋል? ስልኩን አነሳች፤ አስቀመጠችው፤ ደግሞ አነሳችው። ለኮሚቴው ሰብሳቢ «የነገው ይቅር፤ ምዕራፍ ሦስት ስህተት ነው» አለችው።

«አብደሻል? ከዚህ በኋላ ማን ዕድል ይሰጥሻል?»

«እሱን አላውቅም» ብላ ዘጋችው።

ያ የማወቅ አመሏ ግን ከሐዘኗ ቀደመና ወንበሯን ወደ ሰውየው ሳበች።

«እሺ ጋሼ፣ ያዘዘ ከሌለ፣ እርስዎ ለምን ገቡበት?»

ሰውየው መዳፉን አየ።

«ባለሱቁ ወዳጄ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰው ሁሉ ድንጋይ ሲያነሳ፣ ከማን ወገን ነህ በሚል የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ክብሪት የጫርኩት እኔ ነኝ።»