የሀምዱ ቀኝ እጅ

ሚስኪ መቀመጥ የተሳናት ባሏ መነሳት ከተሳነው ቀን ጀምሮ ነው። ሀምዱ አልጋው ላይ እንደ ጆንያ ሲጋደም፣ እሷ የቤቱን ወለል በእግሯ ልትጨርሰው ደረሰች። ያልቆሸሸ ትጠርጋለች፣ የሞላ ባልዲ ትሞላለች፣ ትራሱን ታነሳና መልሳ እዚያው ታስቀምጣለች። ጫጩት የጠፋባት ዶሮ እንኳ እንዲህ አትንቆራጠጥም።

ሀምዱ አየር ጤና ላይ ጎሚስታ ነበር። የጭነት መኪና ጎማ በብረት ፈልቅቆ ሲያወጣ ያየ ሰው፣ እጁ ከብረቱ ጋር አብሮ የተቀጠቀጠ ይመስለዋል። ደም ግፊት እንዳለበት ከተነገረው ቆይቷል፤ መድኃኒትም ታዞለት ነበር። ትንሽ ዋጠና "ደህና ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል?" ብሎ ተወው። ደህና የሆነው ስለዋጠ መሆኑን የሚነግረው ሰው አላጣም፤ ያጣው የሚሰማ ጆሮ ነው። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፤ የሰው ጎማ እንዳይፈነዳ ነፋስ ሲለካ ይውላል፣ የራሱን አይለካም።

አንድ ረፋድ ላይ መፈልቀቂያው ብረት ከእጁ ወደቀ። ላንሳ ብሎ ጎንበስ ሲል ራሱም ተከትሎት ወደቀ። ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ተሳበ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት፣ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ተዘግቶ ነው፣ ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሱ ተረፈች። እግሩም በከዘራ እየተጎተተ ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን ቀረ።

ሀምዱ ደግሞ በግራ እጁ አይበላም። ሼኹ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው "ለታመመ ሰው ተፈቅዷል፣ አላህ አያስጨንቅም" ቢሉት ግንባሩን ቋጠረ። ከሄዱ በኋላ "በ...ምታጠብበት... አልበላም" አለ። ነገሩ አለቀ።

ስለዚህ ሚስኪ አጎረሰችው። ጠዋትም ማታም አጎረሰችው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደስ እያላት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ምሳውን ቆሞ የበላ ሰው፣ "ቶሎ በይ፣ ደንበኛ ቆሟል" እያለ ያዋከባት ሰው፣ አሁን አፉን ከፍቶ እጇን ይጠብቃል። ጉርሻዋም የዋዛ አልነበረም። ትንሽ ጉርሻ የንፉግ ነው ተብላ ያደገች ሴት ናት።

"አንቺ ሚስኪ፣" አለቻት አንድ ቀን ጎረቤቷ አልማዜ በሩ ላይ ቆማ፣ "ይሄ ሰው ከበሽታው ቢተርፍ በትንታ ልትገይው ነው እንዴ?"

"ያንቺ ባል የሚያጎርሰው አጥቶ ከስቷል፣ ወደሱ ሂጂ።"

ሌሊሴ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። የታመመ ሰውነት የምታፍታታ ባለሙያ ናት፤ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች እንዴት እንደሚያገግሙ ከሚያጠና ቡድን ጋር ትሠራለች። ቀጭን፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ሚስኪ የረጋ ሰው አይሆንላትም፤ ገና ስትቀመጥ ጠመደቻት።

"እማማ ሚስኪ፣" አለች ሌሊሴ፣ "ደህናው እጅ ሥራውን ሁሉ ሲወስድ፣ አንጎል የታመመውን እጅ እየረሳው ይሄዳል። ስለዚህ ደህናውን ጓንት ውስጥ እናስረዋለን፤ የታመመው ግድ ሲሆንበት እንዲነሳ። ግማሾቹ ታማሚዎች እንዲህ ያደርጋሉ፣ ግማሾቹ የተለመደውን እንቅስቃሴ ይሠራሉ። ከዚያ እናወዳድራለን።"

"የታሰረው ይድናል?"

"በሌላ አገር ብዙ ሰው ረድቷል። ጭራሽ ለማይላወስ እጅ አይሆንም፤ የጋሽ ሀምዱ ጣቶች ግን ትንሽ ይዘረጋሉ። በኛ ቤት፣ በኛ አኗኗር ይሠራ እንደሆነ ነው የምናጠናው።"

"አታውቁም ማለት ነው።"

"አናውቅም።"

"ሳታውቁ ነው ባሌን ልታስሩ የመጣችሁት?"

"ብናውቅማ ምን ያስጠናናል እማማ?"

ሚስኪ መልሱን ወደደችው፤ ፊቷን ግን አልፈታችም። የማያውቀውን አላውቅም የሚል የተማረ ሰው በየቀኑ አይገኝም።

ሀምዱ ከአልጋው ላይ ራሱን ቀና አደረገ። "የሞተው... ይመለሳል?"

"የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም ጋሽ ሀምዱ። ግን አየር ጤና መንገዱ ሲቆፈር ታክሲዎቹ ምን አደረጉ?"

"ውስጥ... ለውስጥ ገቡ።"

"አንጎልም ውስጥ ለውስጥ ይፈልጋል። ካልተመላለሱበት ግን ሣር ይበቅልበታል። አንጎል መንገድ ለመፈለግ በጣም የሚተጋው ደግሞ በነዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። እያለፈ ሲሄድ እየከበደ ይመጣል።"

ሀምዱ ለረጅም ጊዜ ቀኝ እጁን አየው። ከዚያ "እሰሩኝ" አለ።

ከየትኛው ወገን እንደሚገባ የሚለየው በዕጣ መሆኑ ሲነገር ሚስኪ ነቃ አለች። ዕቁብ የኖረችበት ነገር ነው።

"እኔ ላውጣለት፣ እጄ ቀና ነው።"

"ኮምፒውተር ነው የሚያወጣው፣ ማንም አይነካውም።"

"ይሁን። ኮምፒውተር ዘመድ የለውም።"

ዕጣው ጓንት ሆነ። ወፍራም፣ ጣት ከጣት የማይለይ የጥጥ ጓንት ነው፤ ለውዱእ፣ ለመጸዳጃና በከዘራ ለመንቀሳቀስ ካልሆነ በቀር ቀን ቀን ከግራ እጁ አይወልቅም። በቀኝ እጁ አንጓ ላይ ደግሞ ሌሊሴ ሰዓት የምትመስል ነገር አሰረችለት፤ ክንዱ ስንት ጊዜ እንደተንቀሳቀሰ የምትመዘግብ። በሩ ላይ ደርሳም ዞር አለች።

"እማማ፣ ማጎረስ የለም። አንዲትም።"

"ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬ ደህና ነው" አለች ሚስኪ።

ጆሮዋስ ደህና ነበር። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሲቀርብ ሀምዱ ቀኝ እጁን ትሪው ላይ ጣለው። ጣቶቹ እንደ ዛገ ብሎን አንገራገሩ። ቆጮውን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ያዘ። ክንዱ ከፍ ሲል ጎመኑ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያ አንሶላው ላይ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ። አፉ ጋ የደረሰ ነገር የለም። ሚስኪ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ደጅ ወጣች፣ ገባች። ሀምዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በዚህ ጊዜ በሩን ዘጋች፤ መጋረጃውንም ሳበች፤ አጎረሰችው። እሱም አፉን ከፈተ። ሁለት ሽማግሌ በገዛ ቤታቸው ሌባ ሆኑ።

በማግስቱም እንዲሁ። ሌሊሴ በየጊዜው እየመጣች ታለማምደዋለች፤ ስትሄድ በሩ ይዘጋል። አንድ ነገር ብቻ ሚስኪን አሳሰባት፦ ያቺ እጁ ላይ ያለችው ሰዓት። ዓይን የላትም ግን ታያለች። የማይንቀሳቀስ እጅ ላይ ታስራ ስትውል ምን ልትናገር ነው? ሚስኪ አሰበች፤ ዘዴዋንም አገኘች። ቅዳሜ ጠዋት ሰዓቷን ከባሏ እጅ ፈትታ በራሷ እጅ ላይ አሰረች። ውሃ አትፈራም መባሉን ሰምታለች። ከዚያ ልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን አወጣች።

ሌሊሴ ተመልሳ ስትመጣ ሰዓቷን ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችና ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየችው። አሁንም አየችው።

"ጋሽ ሀምዱ፣ ቅዳሜ ምን ሲሠሩ ዋሉ?"

ሀምዱ ሚስቱን አየ። "ተኝቼ።"

"እጅዎ ግን አልተኛም። ከጠዋት ጀምሮ ሲፈትግ፣ ሲጨምቅ የዋለ ነው የሚመስለው። ማንኪያ የማያነሳ እጅ ነው እኮ።"

ሚስኪ የአንሶላውን ጫፍ አስተካከለች።

"ብርድ ልብሱም ነበረበት፣" አለች ሚስኪ በመጨረሻ አገጯን ወደ ላይ አንስታ፣ "ብርድ ልብስ ደግሞ ከባድ ነው።"

አልማዜ ብትሆን ኖሮ ወለሉ ላይ ተንከባልላ ትስቅ ነበር። ሌሊሴ አልሳቀችም።

"እማማ፣ ይሄ ነገር እኔ ጋ አይቀርም። ነገ አንድ ሐኪም ይሄን አይቶ ለማናውቀው ሰው 'እጅህን እሰር' ወይም 'አትሰር' ይለዋል።"

"ያ የማናውቀው ሰው ሚስት የለውም? ታጉርሰው!"

"ቅዳሜን እኔ እሰርዘዋለሁ፤ ለምን እንደተሰረዘም እጽፋለሁ። ከተደገመ ግን ጋሽ ሀምዱን ከጥናቱ ያስወጧቸዋል። እነዚህን የመጀመሪያ ወራት ደግሞ ማንም ሰርዞ ሊመልሳቸው አይችልም።" ቦርሳዋን ዘጋች። "ምናልባት ጓንቱም ላይሠራ ይችላል። ግን ገና አልሞከርነውም። የሞከርነው የእርስዎን እጅ ነው።"

ልጅቷ ስትወጣ ሚስኪ የምትጠርገው ነገር ፈለገች። መጥረጊያውን አንስታ ጥግ ለጥግ ትሽከረከር ጀመር።

"ተቀመጪ" አለ ሀምዱ።

"ሥራ አለብኝ።"

"ሚስኪ።" ምላሱን እየጎተተ፣ ቃል በቃል እየፈለቀቀ ተናገረ። "አንቺ... አጎረስሽ። እኔ... አፌን ከፈትኩ። እጄን... አብረን ቀበርነው።"

መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሲጣሉ እንዲህ ያለ ቃል አልወጣውም ነበር፤ ሲጣላ እንኳ "አንቺ" ነበር የሚለው እንጂ "አብረን" አይልም።

የዚያን ቀን ሁለቱም እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። ሚስኪ እስከ ኮልፌ ገበያ በእግሯ ሄዳ ምንም ሳትገዛ ተመለሰች። ማታ ሾርባ በኩባያ ሰጠችው፤ በዚያው ተኙ። በማግስቱ አልማዜ ደጃፍ ሄዳ ቆመች። አልማዜ ምን ሆነሽ አላለቻትም፤ የግድግዳው ውፍረት አንድ ስንዝር አይሞላም፣ ሁሉን ሰምታለች።

"እህቴ፣" አለች አልማዜ፣ "እነዚያ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ተሳስተዋል።"

"ምን?"

"ጓንቱን ያጠለቁት ለተሳሳተ ሰው ነው።"

ሚስኪ አፏን ከፈተች፤ ልትሳደብ ነበር። ስድቡን ዋጠችው። ቆማ አሰበችና የራሷን ሻሽ ከአንገቷ ላይ መዘዘች። ቀኝ እጇን ዘረጋችላት።

"እሰሪልኝ። ጠበቅ አድርገሽ።"

"አብደሻል?"

"እሰሪ ብዬሻለሁ፣ ወሬኛ! አገልግሉኝ ያልኩበት ቀን ይኼ ብቻ ነው።"

አልማዜ ጣት ከጣት ሳታስቀር ጠቅልላ፣ አንጓዋ ላይ በድርብ ቋጠረችው።

ምሳውን ሚስኪ በግራ እጇ እየገፋች አቀረበችው፤ ቆጮና ጎመን፣ አንድ ትሪ። እሱ የታመመ እጁን ታጠበ፤ እሷ ምንም። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሀምዱ የተጠቀለለውን እጇን አየ።

"ምንድነው... ይሄ?"

"ጓንት ነው።"

"ፍቺው።"

"አልፈታም።"

"በምን... ልትበይ ነው?"

"በግራዬ አልበላም። ሙስሊም አንተ ብቻ ነህ እንዴ?"

ትሪው መሃላቸው ተቀመጠ። ከአስፋልቱ በኩል "ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!" የሚል የታክሲ ረዳት ይጮሃል። ሻሹ ውስጥ የሚስኪ ጣቶች እንደታፈነ እንስሳ ይላወሳሉ፤ መቀመጫዋ እሳት ሆነባት። ተነሺ ተነሺ ይላታል። ጉልበቷን በግራ እጇ ይዛ ተቀመጠች።

ሀምዱ ስለራሱ ሆድ ግድ አልነበረውም፤ ይራባል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ይተኛል። ሚስቱ ግን ፊት ለፊቱ ከሙሉ ትሪ አጠገብ ጦሟን ተቀምጣለች። ይህን ወደ የትኛው ግድግዳ ዞሮ ያመልጠዋል?

መጀመሪያ ትከሻው ተነሳ። ከዚያ ክንዱ እየጎተተ ትሪው ላይ አረፈ። "ቢስሚላህ" አለ፤ ይህቺን ቃል በሽታውም አላሰናከላትም። ጣቶቹ ቆጮውን ያዙ፤ ወደቀ። ያዙ፤ ተበጠሰ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ሚስኪ ልትል የነበረውን ሁሉ በጥርሷ ያዘችው። በስተመጨረሻ ጣቶቹ ተቆለፉ፤ ቆጮው ከነጎመኑ ተነሳ። እጁ ወደ ራሱ አፍ አልዞረም። እየተንቀጠቀጠ ትሪውን ተሻግሮ ወደ እሷ መጣ።

አንገቷን ልታሰግግ አለች። ስንዝር ብታቀርበው ይበቃው ነበር። ተወችው። ይምጣ፤ ራሱ ይምጣ።

መጣ። ጎመኑ ጉንጯ ላይ ተለጠፈ፣ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፣ ትንሽ ቆጮ አፏ ውስጥ ገባ። ሚስኪ አላለቀሰችም። ጉንጯንም አልጠረገችም። ቀስ ብላ አኘከች፣ ዋጠች፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው እግሯ ረገብ ያለው።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል፣" አለችው። "ሁለተኛውን አምጣ። ደግሞ ትልቅ አድርገው፣ ንፉግ!"

ሀምዱ እጁን ወደ ትሪው መለሰ።