ከክፈፉ በፊት የተቆረጠው ላስቲክ

ሰፈሩ ሁሉ «ዓሣው» ይለዋል፤ መዋኘት ግን አይችልም። ዕድሜውን ሙሉ የመዋኛ ገንዳ ሲሠራ ኖሮ፣ ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ዓይኑ መሰላል ፍለጋ የሚቅበዘበዝ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሚስቱም ብትሆን ከእሱ አትሻልም። እንዲያም ሆኖ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አብረው የሰው ገንዳ ውስጡን ላስቲክ ሲያለብሱ ኖረዋል፤ እሷ ከላይ የላስቲኩን ጠርዝ ታስይዛለች፣ እሱ ከታች ወለሉ መሀል ያለውን የውሃ ማስወጫ ያስራል።

ከስድስት ወር ወዲህ ግን ዓሣው መርሳት ጀምሯል። ካቻቢቴውን ኪሱ ከቶ ግቢውን ሙሉ ይፈልገዋል። ይሄስ በማንም ይደርሳል። አንድ ቀን ግን ሥራውን አጋምሶ «ጨርሰናል» አለና ዕቃውን ሸክፎ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሐኪም ቤት ስትወስደው ሐኪሙ ለብቻዋ ጠርቶ የነገራትን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ለእሱም ጭምር። ይሄን ሥራ ከተነጠቀ ምን እንደሚተርፈው ታውቃለች። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች፤ መነዝነዝ።

«የማስወጫውን ጎሚኒ ቀየርክ? ብሎኖቹን ቆጠርክ? ክፈፉን ሳታጠብቅ ምላጭ እንዳታነሳ!»

«ኧረ በፈጠረሽ! ይቺ ሴትዮ እኮ ሳታረጅ ለፍላፊ ሆነች» ይላል ለገንዳው ባለቤቶች። ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች።

የዚያን ቀኑ ገንዳ የአንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ነበር። አሮጌውን ላስቲክ እየቆራረጡ አወጡ፣ አዲሱን ዘረጉ፣ ከሥሩ ያለውን አየር በመምጠጫ ሲስቡት ሽብሽቡ ጠፍቶ ወለሉ ላይ ልጥፍ አለ። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ ለቀቁበት። የቀረው ማስወጫው ነው። አዲሱ ላስቲክ አፉን ሸፍኖታል፤ መጀመሪያ ክቡ ክፈፍ ከላይ ተቀምጦ በአሥር ብሎን ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መሀሉ በምላጭ ይከፈታል። ቀድሞ የቆረጠ ሰው ላስቲኩን ይሰናበተው።

አስተማሪዋ የፓምፑን ማብሪያ እንድታሳያቸው ሚስቱን ከበረንዳው ጠሯት። ብዙም አልቆየችም። ስትመለስ ዓሣው ምላጭ ይዞ ቆሟል። ክፈፉ ከነብሎኖቹ ዳር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ላስቲኩ ክንድ ያህል ተቀዶ፣ ውሃው በሥሩ እየገባ እንደ ሆድ ነፍቶታል።

ወርዳ አጠገቡ ቆመች።

«መጀመሪያ… ክፈፉ ነበር አይደል?» አላት። ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት። «ሃያ ስድስት ዓመት! ምን ሆኜ ነው? ንገሪኛ፣ ምን ሆኜ ነው?»

አስተማሪዋም መጥተው ከላይ ቆመዋል።

«ምን ተፈጠረ?»

«እኔ ነኝ እትዬ» አለች ሚስቱ። «ያጠበቅኩት መስሎኝ ‹ቁረጥ› አልኩት። ሌላ ላስቲክ እናመጣለን።»

ዓሣው ዞሮ ትክ ብሎ አያት። ግንባሩ ቀስ እያለ ተፈታ። አመናት።

«አንቺ ነሻ! እኔ እኮ ልቤ ቀጥ ብላ ነበር! ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ? ይሄን ሕፃን አይስተውም!»

«ልክ ነህ።»

«ስትለፈልፊ ትውይና ዋናው ነገር ላይ…»

«ልክ ነህ አልኩህ እኮ።»

አስተማሪዋ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ መስሏቸው አፍረው ገቡ። ሚስቱ እዚያው ውሃው ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው ቁጣው የበረደው።

«አመመሽ እንዴ?»

«መርሳት ጀምሬያለሁ መሰለኝ» አለችው። «ሥራው ይቅርብኝ ይሆን? ግን እኔ ከቀረሁ ከላይ ማን ይይዝልሃል?»

ምላጩን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«በቃ፣ እኔም አቆማለሁ። አንቺን ቤት ጥዬ የት እሄዳለሁ? ላንቺ ስል ነው ታዲያ፤ እኔማ ገና ነኝ።»

«አንተማ ገና ነህ» አለች።

ብብቷን ደግፎ አስነሳት። «ቀስ በይ፣ ያንሸራትታል» እያለ ወደ መሰላሉ ወሰዳት። እሷም ጉልበቷን ምንም ሳያማት፣ እንደ በሽተኛ እየቆመች እያረፈች ወጣች፤ እንባዋን እንዳያይ ፊቷን ቀና አድርጋ። እሱ ከኋላዋ ወገቧን ይዟታል።

«አይዞሽ» ይላታል፣ «እኔ አለሁልሽ።»