ስለ እትዬ ሐዋ ፉል ቤት የተጻፈው

ሚስባህ የኮሌጅ መምህርነቱን ትቶ የራሱን ሥራ ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል። ሥራው ለደሴና ለኮምቦልቻ ትንንሽ ነጋዴዎች ምክር መስጠት ነው። ዳቦ ጋጋሪውን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ዕቃ ሻጩን እየዞረ ያያል፣ ይጠይቃል፣ መላ ይፈልጋል። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ካየው አንዱን በቴሌግራም ገጹ ይጽፋል። ደንበኛ የሚያመጣለትም ይኸው ጽሑፍ ነው።

በዚያ ሰሞን ግን ደክሞት ነበር። ጠዋት ደሴ ላይ ጃኬት ደርቦ ሚኒባስ ይሳፈራል፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ በላብ ተጠምቆ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። ግማሹ ነጋዴ “ዛሬ አይመቸኝም” ብሎ ይመልሰዋል። ሚስቱ ሳፊያ “ወደ ማስተማሩ ብትመለስስ?” ማለት ከጀመረች ቆይታለች።

ከደንበኞቹ ሁሉ ደስ ብሎት የሚሄደው ኮምቦልቻ እትዬ ሐዋ ዘንድ ነበር። እትዬ ሐዋ ስልሳ ዓመት የተጠጉ፣ ፋብሪካ አጠገብ በኪራይ ቤት ፉል የሚሸጡ ሴት ናቸው። የሌሊት ተረኞቹ ተርበው ሲወጡ የሳቸው ቤት ገና ዝግ እንደሆነ አይቶ፣ “ከፈጅር ሶላት በኋላ ወዲያው ይክፈቱ” ብሎ መከራቸው። ከፈቱ። ባንድ ወር ውስጥ ወንበር አልበቃ አለ።

ሚስባህ ይህን ጻፈው። የሚከፍቱበትን ሰዓት፣ የሰልፉን ርዝመት፣ ባቄላው ላይ ምን እንደሚጨምሩበት ሳይቀር ዘረዘረ። እንደዚያ ጽሑፍ የተነበበለት አልነበረም። ሦስት አዲስ ደንበኞች ደወሉለት።

ከወር በኋላ ወደ እትዬ ሐዋ ሲሄድ በሩ ላይ ሌላ ስም ተጽፎ አገኘ። ምድጃው ጋ የቆመችው የአከራዩ ምራት ነበረች። “እሳቸው ለቀዋል” አለችውና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ጠይቆ ጠይቆ እህታቸው ቤት አገኛቸው። ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

“አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ።”

“ወአለይኩሙ ሰላም። ግባ፣ በር ላይ አትቁም።”

“ምን ሆነው ነው የለቀቁት?”

“የቤቱ ባለቤት ስልኩን ይዞ መጣ። ‘ይኸ ሁሉ ሰው እኔ ቤት ነው የሚበላው?’ አለኝ። አንተ የጻፍከውን እያነበበልኝ። በሳምንቱ ልቀቂ አለኝ።”

“ለምን አልደወሉልኝም?”

“ደውዬ ምን ልበልህ?” ምስሩን መልቀም አላቆሙም። “አንተ ክፉ አላሰብክም፤ ወላሂ አልተቀየምኩህም። ግን እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ይኸን ታውቃለህ። ስለ እኔ ምን እንደጻፍክ የሰማሁት ከሱ አፍ ነው። ሳታነብልኝ ማውጣት አልነበረብህም።”

ሚስባህ በመመለሻው ሚኒባስ ሰው ሲያናግረው እንኳ አልሰማም።

ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ሌላውን ሥራ ትቶ ቤት ፍለጋ ዞረ። ደላሎች አንከራተቱት። አንዱ ቤት ውሃ የለውም፤ አንዱ ጋ “ለምግብ ቤት አናከራይም” ይባላል። በመጨረሻ ከደረቅ ወደቡ አቅራቢያ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚቆሙበት መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተገኘች። የሦስት ዓመት ውል ራሱ አረቀቀ። እትዬ ሐዋ አውራ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበላቸው።

“ሦስተኛውን አንቀጽ እንደገና” አሉት። እንደገና አነበበ።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት በነበረው ሐሙስ የእትዬ ሐዋን ጽሑፍ ከገጹ አንስቶ፣ ስማቸውን ሳይጠራ ያደረሰውን ጉዳት ጻፈ። ጥቂቶች አመሰገኑት። ሁለት ደንበኞች ግን “የቤታችንን ምስጢር አደባባይ ታወጣለህ” ብለው ተለዩት፤ ሊከራከራቸውም አልሞከረም።

አዲሱ ቤት እንደ ድሮው አልሆነም። ሾፌሮቹ አንድ ቀን ይመጣሉ፣ አንድ ቀን ይጠፋሉ። ቢሆንም እትዬ ሐዋ በየጠዋቱ ይከፍታሉ። ሚስባህ ባለፈ ቁጥር ጎራ እያለ ይበላል፣ ያያል። የተጓዥ ስንቅ እንዲጨምሩ መክሯቸው ነበር፤ “ኢንሻአላህ” ብለው እስካሁን አልጀመሩም።

አሁን የሚጽፈውን ሁሉ አስቀድሞ ለባለጉዳዩ ነጋዴ ያነብለታል። አንዱ “ይኸን አታውጣው” ይለዋል፣ ሌላው ግማሹን ያስሰርዘዋል። ጽሑፎቹ አጥረዋል፣ አንባቢውም ሳስቷል። ከመስከረም ጀምሮ ኮሌጁ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ያስተምራል። ይህን ለሳፊያ የነገራት ዕለት ደስ ይላታል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን ፊቱን አየችና፣ “የቀሩትን ቀናት ግን ለራስህ ሥራ ያዛቸው” አለችው።