በስመ አብ የታረደው ዓሣ

ይህ ታሪክ ከእግሩ እስከ ራሱ እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት ይህን የጻፈች እጄ ዳግመኛ እርፍ አትጨብጥ። ካላመናችሁ ቡሬ ውረዱና ከገበያው ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚቀመጠውን ጠሃን ጠይቁት። መልስ አይሰጣችሁም፤ መቀሱን አንሥቶ ነው የሚያባርራችሁ። ይኸው ራሱ ማስረጃ ነው። ሰው ባልሆነ ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ አይቆጣም።

“ወደ ግራ! ወደ ግራ እኮ ነው ያልኩህ!” ብሎ ጮኸ ጠሃ፥ ከታንኳዋ ፊት እንደ ተንበረከከ። “የቆሎ ተማሪ ሆነህ አገር ስትዞር ግራና ቀኝህን አላስተማሩህም?”

“ቀኙን ጨርሼው ነበር፤” አለ ላቀው ከመካከል ሆኖ እየቀዘፈ። “ግራው ላይ ስደርስ ነው ያቋረጥኩት።”

ከኋላ ቆሞ በቀርከሃ ዘንግ ታንኳዋን የሚገፋው አድማሴ ሳቀ። ጠሃ አልሳቀም። ክሩን በጣቱ እንደ ጠቀለለ ውኃ ውኃውን ያያል።

ጊዜው የስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ማለቂያ፥ ቀኑ ማክሰኞ ነው። ባሕሩ ገረገራ ይባላል፤ ከቡሬ ማልዶ የተነሣ ሰው ፀሐዩ ሳይበረታ ይደርስበታል። ታንኳዋ የአድማሴ ናት። ደንገሉን ከዳር አጭዶ፥ አድርቆና ጠፍሮ የሠራት እሱ ራሱ ነው፤ እርሻውም እዚያው አፋፉ ላይ ነው። ላቀው ደግሞ ድጓ ልማር ብሎ ወጥቶ፥ ድጓው ቀርቶ ቀልዱ ብቻ ገብቶት የተመለሰ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት የጠሃ መኪና ማንም ሳይነካት ትሰፋለች ብሎ በገበያ አወራና፥ የሽንዲ ሴቶች ሳምንት ሙሉ ጨርቃቸውን መኪናዋ ላይ እየጣሉ ሲሄዱ ጠሃን ሊያሳብዱት ነበር። እንዲህም ሆኖ ሦስቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ የማይለያዩ ባልንጀሮች ናቸው።

የዚያን ቀን ቁጣ የተጀመረው ገና መንገድ ላይ ነው። ላቀው “በጥር እህተ ማርያምን አገባለሁ፤ ሚዜዬም አንተ ነህ፤” ቢለው ጠሃ ደስ በማለት ፈንታ ፊቱ ጠቆረ።

“የአድማሴን ሠርግ ረሳኸው?” አለው።

ማን ይረሳዋል? ከሁለት ዓመት በፊት አድማሴ ደስታነሽን ሲያገባ፥ ለጠሃ እንደ ወጉ በግ ተገዝቶ በእስላም እጅ ታርዶለታል። ክርስቲያን ያረደውን እስላም፥ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ በዚህ ጠሃም አልተቀየመም። የተቀየመው ዳሱ ሞልቷል ተብሎ ከጓሮ፥ የእንግዶች በቅሎዎች ከታሰሩበት ዘንድ ስለ ተቀመጠ ነው። አንዷ በቅሎ አንገቷን አስግጋ ወጡን አሽትታበታለች። ባልንጀሮቹ ዳስ ውስጥ ሲጨፍሩ ድምፃቸውን እየሰማ ብቻውን በልቶ፥ ብቻውን እጁን ታጠበ።

“ሚዜ ከሙሽራው ጎን ነው የሚቀመጥ፤” አለ ጠሃ። “ከበቅሎ ጎን የሚቀመጥ ሚዜ አልሆንም።”

“እንግዲያ እንቢ ማለትህ ነው?”

“ዛሬን አብረን በልተን እንይ። ከባሕሩ ስንመለስ እነግርሃለሁ።”

ጠሃ “አብረን በልተን” ያለው ለወሬ አይደለም። በዓመት ውስጥ ሦስቱ ከአንድ ቅጠል ላይ ሥጋ የሚበሉበት ቀን ያ ብቻ ነው። ልጆች ሳሉ የጠሃ አባት ሼህ አብዱልሀኪም፥ “ዓሣ አራጅ የለውም፤ ከውኃ ሲወጣ በራሱ ነው የሚሞት። ከባልንጀሮችህ ጋር ብላ፤” ብለው ፈቀዱለት። የእነ አድማሴ የነፍስ አባት ቄስ ወልደ ገብርኤልም ቢጠየቁ በዚህ አልከፉም። ከዚያ ወዲህ ባሕሩ ላይ ሕግ አላቸው፤ ዓሣው ነፍሱ ሳትወጣ ካራ አይነካውም፥ ማንም ምንም አይልበትም። ካስቸገረ ራሱን በዘንግ መምታት ብቻ ነው።

“ያዘ!” አለ ጠሃ ድንገት።

ክሩ የሱ ነው፤ የስፌት ክር ስምንት ደርቦ አክርሮ በሰም ያሸው። መንጠቆውም በእሳት የታጠፈ የጆንያ መርፌ ነው። ክሩ ተወጠረና ታንኳዋ፥ ማንም ሳይቀዝፋት፥ ትሄድ ጀመር። አሁን ነው እንግዲህ እንዳትስቁ የምለምናችሁ። ያ ዓሣ ሦስት ጎልማሳ የጫነች ታንኳ እንደ ሰጋር በቅሎ እያስኬደ ገረገራን ዙሪያውን ዞረው። ዳር ላይ ልብስ ታጥብ የነበረችው ማሚቱ መጀመሪያ ሲያልፉ “እንደምን አደራችሁ!” አለቻቸው፤ ሁለተኛ ዞረው ሲያልፉ ልብሱን ጥላ ተነሥታ አማተበች።

“ልቀቀው! ልንሰጥም ነው!” አለ አድማሴ።

“አልለቅም!”

“እጅህ ደማ እኮ፥ አንተ ሰው!”

“እጁ የኔ፥ ክሩ የኔ! ዝም ብለህ ቁም!”

ሦስተኛውን ዙር ሲጀምር ዓሣው ደከመ። ሦስቱም ተረባርበው ወደ ታንኳዋ ጎተቱት። ጭራው መሬት ቢነካ አፉ ከላቀው ጡት የሚደርስ፥ ቅርፊቱ ጠገራ ብር የሚያህል ነጭ ዓሣ ነው። ደንገሉ ላይ እንደ ወደቀ ግን የቀረች ኃይሉን አውጥቶ ይፈራገጥ ገባ። ደንገሉን ያሰረው አንዱ ጠፈር ተበጠሰ፤ ውኃ ገባ፤ ታንኳዋ ወደ ጎን ዘመም አለች።

“ራሱን በለው! ዘንጉን አንሣ!” ጮኸ አድማሴ።

ዘንጉ ከላቀው እጅ ሩቅ ነው። ወገቡ ላይ ያለችው ካራ ቅርብ ናት። ላቀው ዓሣውን በጉልበቱ ረገጠና አንገቱን ቀልብሶ፥ በየፋሲካው በግ ላይ እንደሚያደርገው፥ “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!” ብሎ አረደው።

ዓሣው ዝም አለ።

“ምን አልክ?” አለ ጠሃ ቀስ ብሎ።

“ምንም።”

“ምን ብለህ ነው ያረድከው?”

“ዘንጉ ራቀብኝ...”

“ዘንጉን አልጠየቅሁህም! ጠራህበት ወይስ አልጠራህበትም?”

“ጠራሁበት፤” አለ ላቀው። እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን ሰው ሲቆጣው አፉ ሳያዘው ይቀልዳልና፥ “ምን ላድርግ፥ ዓሣው ክርስትና አንሡኝ ያለ መስሎኝ፤” ብሎ ጨመረበት።

ጠሃ በደማ እጁ ክሩን በጠሰና ወደ አድማሴ ዞረ። “ወደ ዳር አውጣኝ።”

“ጠሃ፥ እስቲ ቆይ...”

“አውጣኝ አልኩህ! ካላወጣኸኝ ዋኝቼ እሄዳለሁ።”

“ዋና አትችልም እኮ።”

“እየሄድኩ እማረዋለሁ!”

አድማሴ ከዚያ በኋላ በዘንጉ ገፋ። ዳር ሲደርሱ ውኃ የጠጣችውን ታንኳ ከባሕሩ አወጣና እንድትንጠፈጠፍ ዛፍ ላይ አቁሞ አስደገፋት፤ ደንገል እንዲህ ካልተደረገ ይከብድና ይሰጥማል። ከዚያ ወደ ላቀው ዞረ።

“ሁሉን ቀልደህ ጨረስክ። ይቺን አንዲት ቀን መተው አቃተህ?”

“ማርያምን፥ ረስቼ ነው! እጄ ነው ያረደው፥ እኔ አላሰብኩትም።”

“ማርያምን?” አለ ጠሃ። “የኔ መኪና በራሷ ትሰፋለች ስትልስ ማርያምን ብለህ አልነበር? ያቺ የሽንዲ ሴትዮ ‘ላቀው በማርያም ምሎልኛል፤ ቀሚሴን አምጣ’ ብላ አንገቴን ስታንቀኝ የት ነበርክ?”

ላቀው በዕድሜው ሁሉ ሳያስብበት ያደረገው አንድ ነገር ቢኖር ያ ዓሣ ነው፤ የሚያምነው ደግሞ ጠፋ።

“ከበቅሎ ጋር አስቀመጣችሁኝ፥ ዋጥኩት፤” አለ ጠሃ። ድምፁ አሁን ዝቅ ብሏል፤ ይህም ከጩኸቱ ይከፋ ነበር። “ፋሲካችሁ ሲሆን በር ላይ ቆሜ እንኳን አደረሳችሁ እላለሁ። ዒዳችን ሲሆን እናንተ በር ላይ ትቆማላችሁ። ይሁን፥ እንዲህ ነው የኖርነው። በዓመት አንዲት ቀን ነበረችኝ። እሷንም አረድክብኝ።”

“የበቅሎውን ነገር እኮ፥ እኔ ሙሽራ ነበርኩ፥ የት እንዳስቀመጡህ...” ብሎ ጀመረ አድማሴ።

“አንተም ዝም በል! በማግስቱ ነግሬሃለሁ። ምን አልክ? ‘በቅሎዋ የአባ አድባሩ ናት፥ ጨዋ በቅሎ ናት’ አልከኝ!”

አድማሴ ጆሮው ቀላ። ከደስታነሽ አገልግል እንጀራው፥ ከጠሃ ሚስት ከሳቢሃ ቋጠሮ ሚጥሚጣው ወጥቶ፥ ለዓሣው መጥበሻ ጠዋት ካነደዱት እሳት አጠገብ ተዘርግቷል። ማሚቱ እጇን እያደራረቀች መጣችና ዓሣውን አይታ እልል አለች።

“ውሰጂው፤” አላት አድማሴ።

“እንዴ! እናንተስ?”

“ጾመኞች ነን።”

“በማክሰኞ?”

“በማክሰኞ። ውሰጂው ብያለሁ!”

ማሚቱ ብቻዋን መሸከም አቅቷት ሁለት ሰው ጠርታ አስወሰደችው። ያን ምሽት ሰባት ቤት በላው ይባላል። ላቀው ዓሣውን በዓይኑ ሸኘው። በዕድሜው ካየው ሁሉ ትልቁ ዓሣ ነበር።

ጠሃ ትርፉን ክር ፈታ፥ ሁለተኛዋን መርፌ አሰረና ከድንጋይ ላይ ቆሞ ወረወረ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ላቀው ሁለት ጊዜ ትል ቆፍሮ በቅጠል አቀረበለት፤ ጠሃ ሁለቱንም ጊዜ ቅጠሉን በእግሩ ወደ ጎን ገፋና የራሱን ትል ቆፈረ። አድማሴ ታንኳዋን በእጁ እየዳበሰ ገና ናት ይላል፤ የጠየቀው ሰው ግን የለም። የሦስቱም ሆድ ይጮሃል። እንጀራው ጫፍ ጫፉ ደርቆ ይነሣ ጀመር።

ከቀትር በኋላ ክሩ ተንቀጠቀጠ። ጠሃ ሳበው፤ ሳበውና ክንድ የሚያህል ጥቁር ነገር ድንጋዩ ላይ ጣለ። ድድር ራስ፥ ረጃጅም ጢም፥ ቆዳው ልሙጥ።

“አምባዛ ነው፤” አለ አድማሴ፥ ልቡ እንደ ወደቀ ያስታውቃል።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ክርስቲያን አይበላም፤ ለጠሃ ግን ዓሣ ዓሣ ነው። ጠሃ አንድ ጊዜ ዓሣውን፥ አንድ ጊዜ እሳቱን፥ አንድ ጊዜ ሁለቱን ሰዎች አየ። ከጠዋት ጀምሮ ሲፈልገው የነበረው የብድር መመለሻ በእጁ ገብቶለታል። እሳቱ አለ፤ ሚጥሚጣው አለ፤ ጠብሶ ፊታቸው ተቀምጦ አንድ በአንድ እየቆረሰ ሊበላው፥ እነሱም እንደ በቅሎዎቹ ቆመው ሊያዩት ይችላሉ።

“ብላ፤” አለ ላቀው። “ሐቅህ ነው። እኔ እጠብስልሃለሁ።”

“አትንካው!”

ጠሃ አምባዛውን በጆሮው በኩል አንሥቶ ወደ እሳቱ ሦስት እርምጃ ያህል ሄደ። ዓሣው አፉን ይከፍታል፥ ይገጥማል። እዚያ ላይ ቆመ። ከተዘረጋው ቅጠል አጠገብ የተቀመጠው እንጀራ ለሦስት ሰው ነው። አንድ ሰው ቢቀመጥበት ምን ያህል ሰፊ እንደሚሆን ጠሃ ያውቃል፤ በአድማሴ ጓሮ አይቶታል።

“ወላሂ አምላኬን፥” አለ በንዴት፥ “ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል!” ብሎ አምባዛውን ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ባሕሩ መልሶ ወረወረው። ውኃው ቦጭ አለና ዝም አለ።

ያን ጊዜ ላቀው ወደ እሱ ቀረበ። “ጠሃ፥ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ፤” አለው።

ጠሃ የተላጠ እጁን በሻሽ ጠመጠመ፥ ክሩን ሰበሰበ፥ ወደ ዛፉ ሄዶ ታንኳዋን በትከሻው ገፋት።

“አልደረቀችም እኮ፥ ትሰጥማለች፤” አለ አድማሴ።

“ትስጠም!” ብሎ ጮኸ ጠሃ። ገና እንደ ተቆጣ ነው፤ ደም ሥሩ አንገቱ ላይ ተገትሯል። ከዚያ ወደ ላቀው ዞሮ መቅዘፊያውን ደረቱ ላይ ወረወረለት። “ምን ያስቆምሃል? ካራህን እዚያ እንጀራው ዘንድ አስቀምጥና ቅዘፍ! ሚዜህን ርቦታል።”

ታሪኩ ይኸው ነው። ዓሣው ባሕሩን እያዞረ መጎተቱ እውነት ነው፤ ማሚቱ ምስክሬ ናት። ቅርፊቱ ጠገራ ብር ማከሉም እውነት ነው። ከራሴ ያስገባሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላቀው “ይቅር በለኝ” ያለውን። አላለም። እንደ ደነዘዘ ቆሞ ነበር፤ ጠሃም ሳይለመን ነው ሚዜ የሆነው። ላቀው እኔ ነኝ፤ በሬ ወለደ ሲሉኝ መንታ ነው ብዬ የምመልስ ሰው፥ ያን ቀን ያቺን አንዲት ቃል ከአፌ አጣኋት።