በር የሌለው የበር ሠሪ ቤት

ሆስፒታሉ ሊዘጋ ነው ሲባል ማንም አላመነም ነበር፤ ተዘጋ። ከእንግዲህ የአእምሮ ሕሙማን በየቤታቸው፣ በየሰፈራቸው፣ «በማኅበረሰቡ እቅፍ ውስጥ» ይታከማሉ የሚል ደብዳቤ ደረሰን። እቅፉ ማን እንደሆነ ደብዳቤው አልገለጸም። ለካ እኔ ነኝ።

የሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ የምንለው፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ አንድ የላስቲክ ቦርሳና ሦስት ገጽ መመሪያ ይዞ እኛ ቤት ገባ። ገባ ለማለት እንኳ ይቸግራል። መኪናው ደጃችን ላይ አውርዶት ሄደ፤ ጋሼ ከተዘጋው በር ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። አላንኳኳም፣ አልተጣራም። ሚስቴ ቆሻሻ ልትደፋ ባትወጣ ኖሮ እስከ ዛሬ እዚያው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጋሼ በር አይከፍትም። እጁ ደህና ነው። ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ድንች ሲልጥ ልጣጩ ሳይበጠስ ያልቃል፣ ጋዜጣ አንብቦም ከእኔ የተሻለ ይከራከራል። በር ሲዘጋበት ግን በሩ ፊት ይቆማል። መኝታ ቤቱን ሳንከፍትለት ከረሳን ቁርስ የለም። አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተዘግቶበት፣ ሚስቴ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ለምን ጎረቤት አልጠራህም ብትለው፣ የሚጮህ ሰው አይከፈትለትም አላት። ይህን ያለው የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው።

እኔ ደግሞ ብረት በያጅ ነኝ። እንጀራዬ በር ነው። የሰፈሩን በር አብዛኛውን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ወሬው ሲዳረስ ጎረቤት ምን ያህል እንደሳቀ አልናገርም። ፊት ለፊታችን ያለው ልብስ ሰፊ ብቻ አጽናናኝ። «አንተስ እድለኛ ነህ፤ የእኔ አማች ልብስ አልለብስም ቢል ምን ይውጠኝ ነበር?» አለኝ።

ለልብስ ሰፊው ያልነገርኩት፣ ለሚስቴም ያልነገርኳት ነገር አለ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ እሷን ሳላውቃት፣ መጀመሪያ ያገኘሁት ትልቅ ሥራ የዚያ ሆስፒታል ነበር። አርባ ሁለት የላሜራ በር። ትእዛዙ፣ እጀታ በውጭ በኩል ብቻ ይላል። የውስጡን ገጽ ጥፍር እንኳ እንዳይዝ አድርጌ በግራይንደር አለሰለስኩት። ሊረከቡ የመጡት ሰዎች እጃቸውን እያሳለፉበት አደነቁኝ። ያን ሰሞን መንገድ ላይ ሰላም የምለውን ሰው እንኳ የምመርጥ ሆኜ ነበር።

መመሪያው ሦስተኛ ገጽ ላይ ከሦስት ወር በኋላ ግምገማ አለ ይላል። ጋሼ ቤት ውስጥ ራሱን ችሎ መንቀሳቀስ ካልቻለ ወደ ጋራ መኖሪያ ይዛወራል፤ እሱም በአውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው። ሚስቴ ሃያ ሁለት ዓመት እሁድ እሁድ እየሄደች ጠይቃዋለች። ገጹን አንብባ አጠፈችውና «ወንድሜን ሁለተኛ አላስረክብም» አለች። ድምጿን እንኳ አላነሳችም፤ ያኔ ነው የፈራሁት።

ስለዚህ ማስተማር ጀመርኩ። ጋሼን በር ፊት አቁሜ፣ ይሄ እጀታ ነው፣ ወደ ታች ትጫነዋለህ፣ ከዚያ ትስባለህ እያልኩ በተግባር አሳየሁት። ጋሼ በትዕግሥት ሰማኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ተረኛው ነርስ ሲያደርገው ሃያ ሁለት ዓመት አይቻለሁ።»

ሁለት ወር ለፋሁ። በመጨረሻ የተናደደ ባለሙያ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ የቤቱን የውስጥ በሮች አራቱንም ከማጠፊያቸው ነቅዬ ወርክሾፕ ደረደርኳቸው። የውጭውን በር ቀኑን ሙሉ በድንጋይ አስደግፈን ከፈትነው። የመጸዳጃ ቤቱን በመጋረጃ ጋረድነው። ከዚያ ወዲህ መጸዳጃ ቤት የተቀመጠ ሰው እያሳለ መኖሩን ያስታውቃል። የሚስቴ አክስት ሳምንት ልትቆይ መጥታ በማግስቱ ጉዳይ ትዝ አላት። የሰፈሩ ድመት ሁሉ ሳሎናችንን አቋራጭ አደረገው። ጋሼ ግን ከክፍል ክፍል እንደ ባለርስት ይንሸራሸር ጀመር። ተሳክቶልኛል ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

የግምገማው ቀን ነርሷ መጣች። ሲስተር ነው የምንላት፤ ሆስፒታሉ ሳይዘጋ አሥራ ሁለት ዓመት እዚያው ሠርታለች። ጋሼ ከክፍል ክፍል ሲዘዋወር በደስታ አየች። ቀጥሎ መጋረጃውን አየች።

በሮቹ የት ሄዱ ብላ ጠየቀች። አስረዳኋት። እየጻፈች ሰማችኝ፤ እኔ ከተናገርኩት ይበልጥ ጻፈች። የታካሚው የግል ክልል መከበር አለበት፣ በር የሌለው ቤት ለመኖሪያ ብቁ አይደለም አለች።

«ሲስተር፣ እዚያስ መጸዳጃ ቤቱ በር ነበረው?»

«አልነበረውም» አለች። «ለዚህ አይደል ሆስፒታሉ የተዘጋው።»

ሁለት ሳምንት ሰጠችን። በሮቹ ይመለሳሉ፤ ጋሼ ደግሞ ይከፍታቸዋል። ያለበለዚያ ወረቀቱ ወደ ጋራ መኖሪያው ይሄዳል። ሚስቴ እስከ ደጅ ሸኝታት ተመለሰችና የጋሼን ሸሚዞች ማጠብ ጀመረች። ንጹሕ ነበሩ።

በሮቹን መልሼ የገጠምኩት ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሚስቴ ሥራ ሄዳለች፣ ጋሼ ሳሎን ጋዜጣ ያነባል። መጨረሻ የቀረኝ የመጸዳጃ ቤቱ በር ነበር። የውጩን እጀታ ገጠምኩ፤ የውስጡ ከነብሎኑ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ማጠፊያው ከውስጥ በኩል እንዴት እንደያዘ ልይ ብዬ ገባሁ። በሩ በራሱ ጊዜ ዞረና የቁልፉ ምላስ ቀጭ አለ።

ፊቴ ላይ የቀረው ልሙጥ ላሜራ ነው። ጥፍሬን ሞከርኩ፤ አይዝም።

ጋሼን ጠራሁት። ጋዜጣው ሲታጠፍ ሰማሁ፣ እርምጃው መጣ፣ በሩ ጋ ቆመ። ክፈትልኝ አልኩት፤ ዝም። ደበደብኩ፤ ዝም። በእርግጫ አልኩት፤ የእኔ በር በእርግጫ አይበገርም፤ ለደንበኛ ሁሉ የምምለው እሱን ነው። ከዚያ ሆስፒታሉን የከፈተውንም የዘጋውንም ሰደብኩ፣ መመሪያውን የጻፈውን ሰደብኩ፣ ጋሼንም አልማርኩትም። ድምፄ ሲዘጋ ነው የሚጮህ ሰው አይከፈትለትም ያለው ትዝ ያለኝ።

ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ብዙ ተቀመጥኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የማየው ያንን ልሙጥ ገጽ ነበር። አርባ ሁለቱንም አለስልሼ ስሰጥ ከውስጥ ሆኖ የሚያያቸው ሰው ይኖራል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም።

«ተረጋግተሃል?» አለ ከውጭ። ድምፁ የጋሼ አልነበረም። የሆነ የሆስፒታል ተረኛ ድምፅ ነው።

«ተረጋግቻለሁ።»

«እናያለን» አለና ሄደ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ እጀታው ወደ ታች ወረደ። ጋሼ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ እጁ እጀታው ላይ ነው። እኔን አየኝ፣ ከዚያ በሩን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ጥሩ በር ነው፤ አይንቋቋም» አለ። «እዚያም እንዲሁ ነበሩ።»

«እነዚያም የእኔ ሥራ ናቸው ጋሼ።»

«ገምቼ ነበር» አለ። «ልስላሴያቸው አንድ ነው።» ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ማታ ለሚስቴም ነገርኳት። እራት ላይ ጨው አቀብለኝ ከማለት በቀር አላናገረችኝም።

በማግስቱ ሲስተር የውጭውን በር አንኳኳች። ሚስቴ ልትከፍት ስትነሳ እጅጌዋን ያዝኳት። ጋሼ ጋዜጣውን አጥፎ ተነሳ፣ በሩ ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ሲስተር ደግማ አንኳኳች። ዝም ስትል ጋሼ ወደ በሩ ጠጋ አለ።

«ተረጋግተሻል?»

አሥራ ሁለት ዓመት ያንን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለችው እሷ ታውቃለች። ቆይታ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ «ተረጋግቻለሁ» አለች። ጋሼ አስጠበቃት፤ ከዚያ ከፈተላት።

ሲስተር ሳትቀመጥ ቅጹን አወጣች። «በር ይከፍታል» ከሚለው ጎን «አዎ» ብላ ጻፈች። ለራሱ ወይስ ለሰው የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም፤ እሷም አልጠየቀችም፣ እኔም አልተናገርኩም። ጋሼ ለራሱ አሁንም አይከፍትም። ጤና ጣቢያ ሄዶ መርፌ የሚወጋበት ቀን ሲደርስ ሚስቴ ወጥታ ከውጭ ታንኳኳለች፣ እሱ ይከፍትላታል፣ በዚያው አብረው ይሄዳሉ።

ያተረፍኩት በረኛ ነው። ዛሬ አንድ ደንበኛ በሩ ጠመመ ብሎ ግማሽ ቀን አድርቆኝ፣ በሁለት እጄ ዕቃ ተሸክሜ ደረስኩ። በራሴ በር ላይ ጮኼ ጠራሁ፤ ዝም አለኝ። ዝም አልኩ።

«ተረጋግተሃል?»

«አልተረጋጋሁም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ትንሽ ቆይ።»

እጀታው በእኔ በኩል ነው፤ የገጠምኩትም እኔ ነኝ። ዕቃውን መሬት አስቀምጦ መጫን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ልብስ ሰፊው መርፌውን ይዞ በመስኮት እያየኝ ነው። ዕቃውን አስቀመጥኩ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ።